ገበየሁ እንግሊዝኛ ሲያወርድ

መርሳ ላይ በዚያ ዘመን ሦስት ወፍጮ ቤት ነበር። የሠፈሩ ሴቶች ግን ሁለቱን ከቁጥር አያስገቧቸውም፤ «ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ» ያለች ሴት የሄደችው ገበየሁ ዘንድ ነው። ባለቤቱ ገበየሁ እንዳይመስላችሁ። ወፍጮው የአቶ አብዱሰመድ ነው፤ ገበየሁ ተቀጣሪ ነው። ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን የወቀረው፣ ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያያይዘውን ቺንጋ የቀየረው፣ ከሴቶቹ ጋር የተጨቃጨቀው እሱ ስለሆነ፣ አቶ አብዱሰመድ ራሳቸው አንዳንዴ ይረሱትና «የገበየሁ ወፍጮ ጋ ጠብቁኝ» ይሉ ነበር።

ሰውየው ረጅም ነው። ቅንድቡ ከዓመት እስከ ዓመት በዱቄት እንደነጣ ነው። ኩራትም ቢጤ አያጣውም፤ ኩራቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ጆሮ አለው። ደጅ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ የወፍጮውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ ያልደረቀ ማሽላ መግባቱን ያውቃል። «ሸዋዬ፣ ወስደሽ አስጪው» ይላል ፊቱን እንኳ ሳያዞር። ሸዋዬም በሆዷ እየተራገመች ትወስደዋለች፤ አለመድረቁን እሷም ታውቀዋለቻ።

በዘጠና ስድስት ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ አቶ አብዱሰመድ ገበየሁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። አሮጌው ወፍጮ መሸኛው ደርሷል፤ ከህንድ አገር አዲስ አዝዘዋል። ለጥምቀት ሰሞን ይገባል። የሚተክለው መሐንዲስ ከፋብሪካው አብሮ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ብቻ ይቀመጣል፤ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ አያናግርም። ወፍጮውን የሚረከበው ሰው ከእሱ ተምሮ፣ ከእሱ ጋር ተግባብቶ መሆን አለበት ይላል የመጣው ደብዳቤ። የአቶ አብዱሰመድ የእህት ልጅ ኑርሁሴን ደግሞ ወልድያ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ ዲፕሎማውን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ እንግሊዝኛም አያቅተውም።

ገበየሁ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። አቶ አብዱሰመድም አላድበሰበሱለትም።

«እኔ ጆሮህን አውቃለሁ፤ ህንዱ ግን ጆሮህን አያውቅም» አሉት። «የሚልህን ሰምተህ፣ የምትለውን ነግረኸው ከተረከብክ፣ ወፍጮው ባንተው እጅ ይቆያል። ካልሆነ ኑርሁሴንን አስገባለሁ። ወላሂ፣ ሌላ መላ የለኝም ገበየሁ።»

ማሚቴ፣ ሚስቱ፣ ይህን ስትሰማ ሽማግሌ እንላክባቸው አለች። አልፈልግም አላት። አሥራ ስምንት ዓመት በእጁ የያዘውን ሥራ በሰው አፍ ሊያስለምን አልወደደም። ሦስት ወር አለኝ አለ። ማሚቴ አርባ ስድስት ዓመቱን ከሦስት ወሩ ጋር አስተያይታ ወደ ጓዳዋ ገባች።

እንግዲህ ገበየሁ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ያልተማረ ነው ግን አይባልም። ልጅ ሳለ ላስታ ተሻግሮ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ከርሟል። ግስ ሲያወርድ፣ ማለትም አንዷን ቃል ይዞ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እሷ እያለ በየመደቡ እየገለበጠ በዜማ ሲያጠና፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ድምፁ ያማረ ነበር ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው እንጂ ሌላ ምስክር አልተገኘም። አባቱ ሲሞት እርሻው ጠራውና ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

ከግቢያቸው ጎን ትዕግስት የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ልጁ ልትሆን ትችላለች። ገበየሁ ግን ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ያስተማረ ሁሉ የኔታ ነው። አንድ ቀን ጥሩ ማኛ ጤፍ አስፈጭቶ፣ ቁና ሙሉ ዱቄት ይዞ ደጇ ቆመና «መምህርት፣ ያስተምሩኛል?» አላት በአንቱ። እሷም በታላቅነቱ «ጋሽ ገበየሁ፣ ይግቡ» አለችው። እንዲሁ አንዱ ላንዱ አንቱ እንደተባባሉ ሦስት ወር ተማሩ፤ ሰሚ ቢኖር ማን ተማሪ ማን አስተማሪ እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትዕግስት እስክሪብቶዋን መጽሐፍ ላይ አስቀመጠችና «ኢት ኢዝ ኦን ዘ ቡክ» አለች። ከመጽሐፉ ስር ከተተችውና «ኢት ኢዝ አንደር ዘ ቡክ» አለች። ገበየሁ እስክሪብቶው ወዲህ ወዲያ ሲል ዝም ብሎ አየ። ከዚያ የጠየቀው ግን ሌላ ነው። መራሕያኑ ስንት ናቸው? ግዕዝ ከውእቱ ጀምሮ ንሕነ ብሎ እስኪጨርስ አሥር አለው። ትዕግስት አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ እያለች በጣቷ ቆጠረችና ሰባት አለችው። ለእንግሊዝኛ ከልቡ አዘነለት።

«አንተና አንቺ በምን ይለያሉ ታዲያ?»

«አይለዩም። ዩ ነው።»

«እናንተስ?»

«እሱም ዩ።»

«አንቱስ፣ መምህርት?»

«ጋሽ ገበየሁ፣ አንቱም ዩ ነው። ከሕፃን እስከ ንጉሥ ዩ ነው።»

ይህን ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀበት። እንግሊዞች አማቶቻቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያናግሩ እያሰበ ሲፈጭ የሁለት ሴቶች እህል ሊያቀላቅል ለትንሽ ነው የተረፈው። በመጨረሻ መላ አገኘለት፤ «ዩ» በሚልበት ጊዜ ሁሉ ከወገቡ ጎንበስ ማለት ጀመረ። አንቱነቱን ቋንቋው ካልያዘለት ወገቡ ይያዝለት ብሎ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነገሩ በራለት። ትዕግስት እስክሪብቶዋን ስታንቀሳቅስ እሱ በግዕዙ ይከተላት ጀመር። ኢን ውስተ ሆነ። አንደር ታሕተ ሆነ። ቢሃይንድ ድኅረ፣ ቢትዊን ማእከለ። «ይኸማ የኛው ነው» አለ፤ የጠፋበትን ዕቃ ሰው ቤት ያገኘ መሰለ። ለሠላሳ ዓመት ያልነካው ነገር ሁሉ አፉ ላይ መጣለት። እንግሊዝኛውን ይዞ በቅኔ ቤቱ ዜማ ያወርደው ጀመር። «አይ አም ኢን ዘ ሚል፣ ዩ አር ኢን ዘ ሚል፣ ሂ ኢዝ ኢን ዘ ሚል፣ ሺ ኢዝ ኢን ዘ ሚል፣ ኢት ኢዝ ኢን ዘ ሚል።» ወፍጮው ውስጥ ነኝ፣ ወፍጮው ውስጥ ነህ፣ እያለ ሰባቱንም ጨርሶ ወደ ኦን ይሻገራል፤ ከኦን ወደ አንደር፣ ከአንደር ወደ ኢን ፍሮንት ኦፍ፣ እንዲህ እያለ እስከ ቢትዊን ይወርዳል። ወፍጮው ሲጮኽ እሱም ይጮኻል። ሴቶቹ መጀመሪያ ውዳሴ ማርያም የሚደግም መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመው ነበር። ቤቱም ሲገባ አይተውም፤ ማሚቴ «ሺ ኢዝ» በተባለ ቁጥር ስሟ የተጠራ ይመስል «አቤት» እያለች ታሾፍበት ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበር። ገበየሁ ከመሃል መመለስ አይችልም። በዜማ የተማረ ሰው ነዋ፤ መሃሉን ስትጠይቀው ከራሱ ጀምሮ ካልወረደ መሃሉ አይገኝም። አንድ ቀን ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ትዕግስት ድመቷ አግዳሚ ወንበሩ ስር ተኝታ ስታያት፣ ድመቷ የት ናት ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ገበየሁ ጉሮሮውን ጠርጎ ከ«አይ አም ኢን» ተነሣ። ትዕግስት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ኢንን ጨረሰ፣ ኦንን ጨረሰ፣ አንደር ላይ ደርሶ «ኢት ኢዝ አንደር» ሲል ደስ ብሎት እጁን ወደ ወንበሩ ዘረጋ።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ድመቷ እኮ ወጣች» አለችው።

«መልሱ ግን መጣ» አላት ሳያፍር።

ስቃ ስታበቃ ግን መከረችው። ከፈረንጅ ጋር ወሬ ቅብብል ነው፣ ህንዱም እንደ እሷ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ አይጠብቀውም አለችው። ገበየሁ ሞከረ። ከመሃል ለመነሣት በሞከረ ቁጥር መሬት የከዳው ይመስለዋል፤ ሂ ከአር ጋር፣ ዩ ከኢዝ ጋር ይጣበቁበታል። ከላይ ጀምሮ ሲወርድ ግን አንዲት አትስትም። ጥምቀት ደረሰ፤ ነገሩ እንዲሁ ነበር።

መሐንዲሱ ሚስተር ራኦ ይባላል። ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን በዱቄት ቤት ውስጥ እንኳ ሳያቆሽሽ የሚውል ሰው ነበር። ያመጣው የአዲስ አበባ ሹፌር እንግሊዝኛ ስለሚችል ሁለቱን ቀን እሱ እያስተረጎመ ወፍጮው ተተከለ። ሹፌሩ እንግሊዝኛ ይወቅ እንጂ ወፍጮ አያውቅም፤ ዘንጉንም ቺንጋውንም «ይሄ ነገር» እያለ ነው የሚተረጉመው። ገበየሁ ህንዱን ባየ ቁጥር «ሃው አር ዩ» ብሎ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ያለፈ ንግግር አልመጣለትም። ህንዱ ሲፈጥን፣ ገበያ መሃል የሚያውቃቸውን ሰዎች ስም ብቻ እንደሚሰማ ሰው፣ አንዴ «ኢን» አንዴ «ቢሃይንድ» ጥልቅ ትልበታለች እንጂ ሌላው ያልፈዋል። ቢሆንም ጆሮው ሥራ አልፈታም። ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር፣ ፑሊ እንደሚባል፣ ዘንግ ሻፍት እንደሚባል ለቅሞ አስቀምጧል። ሞተርማ ያው ሞተር ነው።

አቶ አብዱሰመድ ጥግ ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ያያሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሹፌሩ ጎማ ለማሠራት ወልድያ ሄደ። ትዕግስትም በዚያ ሳምንት ለስብሰባ እዚያው ወልድያ ነበረች። ህንዱ ሹፌሩን ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሣ። ሠፈሩ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቧል። ወፍጮው ተነሣ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ህንዱ ዘሎ አጠፋው። ደግሞ አስነሣው፣ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። የሞተሩን ክዳን ፈታ፣ ውስጡን መረመረ፣ ምንም አላገኘም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ወደ አቶ አብዱሰመድ ዞሮ፣ በእጁ ሞተሩን ፈትቶ መኪና ላይ የመጫን ምልክት አሳየና «አዲስ አበባ» አለ። ይህቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሞተሩ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ወር ነው፤ አሮጌው ወፍጮ ደግሞ ተነቅሎ ደጅ ተጥሏል።

አቶ አብዱሰመድ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ከበሩ ላይ ለቆሙት፣ ወልድያ ደውሉና ኑርሁሴን ዛሬውኑ ይምጣ በሉልኝ አሉ።

ገበየሁ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሰማው። ሞተሩ ደኅና ነው። ሞተር ሲታመም ከሆዱ ያቃስታል፤ ይህ ግን እንጨት ብረት ሲያሽ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ የሚመጣውም ከፑሌጃው ጀርባ፣ ከዘንጉ ስር ነው። ፈጠን ብሎ ወደፊት ወጣና በጣቱ ጠቆመ። ህንዱ ጣቱን ተከትሎ ሞተሩን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ ሞተሩ ነው እንደማለት። ገበየሁ አይደለም ብሎ ደግሞ ጠቆመ። አሁን ህንዱ ከኋላ ያለውን ግድግዳ አየ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ጣት እንዲህ ናት፤ ሞተሩም፣ ቺንጋውም፣ ፑሌጃውም፣ ግድግዳውም በአንድ መሥመር ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ጣት የቱ ከፊት የቱ ከኋላ፣ የቱ ከላይ የቱ ከስር እንደሆነ አትናገርም። እጁን ሰድዶ እንዳያሳየው ደግሞ ፑሌጃው ዙሪያውን በቆርቆሮ ተሸፍኖ ታስሯል፤ ያለ ህንዱ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው ተብሏል።

«ተው እንግዲህ ገበየሁ» አሉ አቶ አብዱሰመድ ቀስ ብለው። «ሰውየውን አታስቸግረው።»

ገበየሁ አልተወም። ከመሃል ሊነሣ ሞከረ፤ «ኢት… ሂ አር…» ብሎ ተሰናከለ። በር ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ሸዋዬማ ማሽላዋን አስታውሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሁሉ በላይ ሳቀች። ህንዱ መፍቻውን አንሥቶ ወደ ሞተሩ ብሎን ጎንበስ አለ።

ያኔ ገበየሁ እግሩን ገጠመ። አጠገቡ የቆመውን ረጅም ብረት አንሥቶ እንደ መቋሚያ ያዘው። አንዴ መሬቱን መታና ከራሱ ጀመረ።

«አይ አም ኢን ዘ ሚል፤ ዩ አር ኢን ዘ ሚል…»

በ«ዩ» ላይ ጎንበስ አለ፤ ይህን እንኳ አልረሳም። ህንዱ ቀና ብሎ አየው። ገበየሁ ግን የሚያየው ህንዱን አይደለም፤ ዓይኑ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፣ ምናልባት ላስታ ነው። ሂን አለፈ፣ ሺን አለፈ፣ ኢንን ጨርሶ ኦን ላይ ገባ። ብረቱ መሬቱን ይመታል፤ ድምፁ የእውነትም ያማረ ነበር፤ ምስክር ለታጣለት ለዚያ ዘመን ድምፁ እንግዲህ መርሳ ሙሉ ምስክር ቆመለት። ሳቁ መጀመሪያ ከፊት ካሉት ሴቶች ላይ፣ ቀጥሎ ከኋላዎቹ ላይ ጠፋ። ህንዱ መፍቻውን መሬት አስቀመጠና ከዜማው ጋር ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። አቶ አብዱሰመድ እምቢታ መስሏቸው ገበየሁን ሊያስቆሙት እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ የህንዱ እግርም መሬቱን በልክ በልኩ ሲመታ አይተው እጃቸውን መለሱ።

አንደር ላይ ሲደርስ ገበየሁ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቢሃይንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ገልጦ ህንዱን አየ። የሚፈልገው ሁሉ አሁን በእጁ ነው።

«ኢት ኢዝ ኖት ኢን ዘ ሞተር» አለ፤ ሞተሩ ውስጥ አይደለም። «ኢት ኢዝ ቢሃይንድ ዘ ፑሊ፣ አንደር ዘ ሻፍት።» ከፑሌጃው ኋላ፣ ከዘንጉ ስር ነው።

ህንዱ የቆርቆሮውን መሸፈኛ ፈታ። በደረቱ ተኝቶ ባትሪውን አበራና እጁን ከፑሌጃው ጀርባ ሰደደ። ጥቂት ጎተተ። ይዟት የወጣው የእጅ ጣት የምታህል የእንጨት ሽብልቅ ነበረች፤ ወፍጮው በመርከብና በመኪና ሲመጣ ዘንጉ እንዳይናወጥ ከስሩ ከተወሸቁት አንዷ ናት። ሌሎቹን ራሱ ነቅሏቸዋል፤ ይቺን አላያትም። አንድ ጎኗ ከሰል ሆኗል። ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራሶ ተለውሶ ተነሣ፤ ሽብልቋን ለሁሉም አሳየና ለገበየሁ እጁን ዘረጋለት።

ወፍጮው ሲነሣ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ገበየሁ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ከዚያ ለአቶ አብዱሰመድ አንዴ ራሱን ነቀነቀላቸው፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወንበር ፈለጉ። ኑርሁሴን ይምጣ ያሉትን ስልክ ያስቆሙት ሳይቀመጡ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ከወልድያ ሲመለስ ህንዱ የርክክቡን ወረቀት እየሞላ ነበር። የባለቤቱ ስም ተጽፏል፤ የወፍጮው ቁጥር ተጽፏል፤ ከስር ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ። ህንዱ አቶ አብዱሰመድን በዓይኑ ጠየቃቸው። ሹፌሩ ሊያስተረጉም አፉን ሲከፍት አቶ አብዱሰመድ «አንተ ተወው» አሉት። «ገበየሁ፣ ስምህን ንገረው። ያባትህንም ጨምርለት።»

ገበየሁ ስሙን፣ ያባቱን፣ ያያቱንም ጨምሮ ነገረው። ህንዱ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልጻፍ ሲለው ሳቀና እስክሪብቶውን ሰጠው። ገበየሁ በጉልበቱ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በቅኔ ቤት ፊደል ጠቀም አድርጎ ጻፈው። ቦታው ጠበበውና ያያቱ ስም ወደ ኅዳጉ ወጣ።

አቶ አብዱሰመድ የወረቀቱን አንድ ቅጂ በመስተዋት አሠርተው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ እህል ይዛ የመጣች ሴት ሁሉ ተራዋን ስትጠብቅ ያ ምንድነው ብላ ከጠየቀች፣ ገበየሁ ሥራውን አቁሞ ያነብላታል። የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካውን አድራሻና የወፍጮውን ቁጥር ሁሉ ሳያስቀር ነው። ቸኩያለሁ ማለት አይሠራም። ሸዋዬ አምስት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ማሚቴ የመጀመሪያውን ቀን ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያያትህ ስም ያለበትን ደግመህ አንብብልኝ አለችው።